አስራ አምስተኛው ዱላ

ያን እሑድ ጠዋት እኔ ያደረግሁት ነገር ከሦስት ሰከንድ በላይ አልወሰደም። ከግድግዳ ሥር አንድ አጭር ዱላ አንስቼ የእንግዳችን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት፤ በቃ። ስለ ራሴ የምጽፍ ሰው አልነበርኩም። ልጄ ሂሩት ናት፣ "በቃል ሲሆን ግማሹን ትውጪዋለሽ እማዬ፤ ጻፊው" ያለችኝ። እውነቷን ነው።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አዳማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አሜሪካ ወደ ሂሩት መጣሁ፤ ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን፣ ዌስተርቪል ነው የምንኖረው። ሂሩት፣ ባሏ ደረጀ፣ ልጃቸው ቤቲ፣ እኔ። ቤቲ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

ሰው ቤት መኖር፣ የልጅም ቤት ቢሆን፣ ጠባይ ይፈልጋል። የእኔ ጠባይ ዝም ማለት ነበር። የጎደለውን አያለሁ፣ ሳልጠየቅ እሞላለሁ። ስሳሳትም እንደዚያው ዝም ነው። የሂሩትን የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ አጥቤ የሕፃን ልብስ ያሳከልኩት ጊዜ፣ በፌስታል ጠቅልዬ የተለገሰ ልብስ የሚጣልበት ሣጥን ውስጥ ወስጄ ጣልኩት። ሂሩት ክረምቱን ሙሉ ስትፈልገው ከረመች። "አላየሁም" አላልኳትም። "አየሽው ወይ?" ብላ አልጠየቀችኝማ። እንዲህ እያልኩ ነበር ከራሴ ጋር የምስማማው።

ሂሩት የምትሠራው በአንድ የጎልፍ ሜዳ ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር እዚያ የሴቶች ውድድር ተዘጋጀ። ትልቁ ሊግ አይደለም፤ ከእሱ ሥር ያለው፣ ገና ወደ ላይ ለመውጣት የሚታገሉ ልጆች የሚጫወቱበት ነው። እነዚህ ልጆች ከከተማ ከተማ በመኪና እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ብዙዎቹ የሚያድሩት በየከተማው በጎ ፈቃደኛ ቤተሰብ ዘንድ ነው። የዚያን ሳምንት ቤተሰብ አነሰና ሠራተኞቹን ጠየቁ። እኛ ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል ነበረን።

"ጎልፍ? እኛ ቤት?" አለ ደረጀ። "ቀኑን ሙሉ ሣር ውስጥ ኳስ ስትፈልግ የምትውል ሰው ደግሞ ምን ትበላለች?"

"አንተ የምትበላውን" አለችው ሂሩት።

"እንግዲያው መርጠው ነው የላኩብን።"

ሰኞ መጣች። ስሟ ኒን ነው፤ የታይላንድ ልጅ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ። ማንም ሳይነግራት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ሁለት መዳፎቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ ለእኔ አጎነበሰች። መጀመሪያ ያየሁት እጆቿን ነው። ቀኙ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ግራው ነጭ ነው፤ የሁለት ሰው እጅ ይመስላል። ኋላ ቤቲ ነገረችኝ፣ ሲጫወቱ ግራ እጃቸው ላይ ብቻ ጓንት ያደርጋሉ።

የኒን እንግሊዝኛ ከእኔ ብዙ አይሻልም ነበር። ለዚህ ይመስለኛል የተግባባነው። ቀስ ብላ ትናገራለች፣ እኔም ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። ቤቲ "እማማ" ስትለኝ ሰምታ እሷም "እማማ" አለችኝ። ከልምምድ ስትመለስ ወጥ ቤት ትገባና ቢላዋ ከእጄ ትወስዳለች። ሽንኩርት ስትከትፍ አርባ ዓመት የከተፈ እጄን ታስንቀኝ ነበር።

ሕይወቷን የሰማሁት እዚያ ነው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። አባቷ በሰሜን ታይላንድ የአንድ ጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጅ ነው። እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ኒን አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ ሀብታም ተጫዋች ተናዶ ዱላውን በጉልበቱ ሰበረው፤ አባቷ ስባሪውን አንስቶ በልጅ ቁመት ቆረጠላት፣ መያዣውን በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠመጠመላት። በአስራ ሦስት ዓመቷ አሠልጣኝ ቤት ለመኖር ባንኮክ ሄደች። በአስራ ስምንት ዓመቷ ጎልፍ ሥራዋ ሆነ። አንድ ጊዜ አገሯ ላይ፣ በዝናብ፣ አባቷ ቦርሳዋን እየገፋላት አሸንፋለች። ከዚያ አሜሪካ መጣች። የእጅ አንጓዋ ተጎድቶ አንድ ዓመት ሳትጫወት ተቀመጠች። የቀሩትን ዓመታት በሰው ቤት፣ በመኪና፣ በሰው ቤት ኖረች።

"ስንት ሰው ቤት አድረሻል?" አልኳት።

"ስልሳ ስደርስ መቁጠር ተውኩ።"

"አይሰለችሽም?"

ሽንኩርቱን ገፋ አደረገችና፣ "ይህ የመጨረሻዬ ነው" አለችኝ። "በዚህ ሳምንት ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ከገባሁ ትልቁ ሊግ እገባለሁ። ካልገባሁ ቤቴ እገባለሁ። ለእናቴ ቃል ሰጥቻለሁ።"

ያለችው ይህን ብቻ ነው። ሽንኩርት ስለነበር ዓይኗ ማልቀሱን በዚያ ነው የቆጠርኩት።

ያ አጭር ዱላ አሁንም ከእሷ ጋር ነበር። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ ጎብጣ፣ በዚያ የልጅ ዱላ ኳስ ወደ አንድ ስኒ ታንከባልል ነበር። ሃያ ጊዜ ያህል፤ ከዚያ ከሶፋው አጠገብ ግድግዳ ታስደግፈዋለች። "ለምንድነው?" ስላት ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ "ልማድ ነው" አለችኝ። እኔ ግን አልተቀበልኳትም። እንዲህ ያለ ነገር ልማድ ብቻ አይሆንም፣ ጠባቂዋ ነው፣ ይዛው ትዞራለች አልኩ በሆዴ። ወደ ሜዳ እንደማትወስደው አላስተዋልኩም። ጠይቄ ቢሆን በአንድ ቃል ትነግረኝ ነበር። እኔ አልጠይቅም፤ የጎደለውን አይቼ እሞላለሁ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ተጫወተች። ቅዳሜ ማታ ከሁሉም ሦስተኛ ነበረች። ደረጀ እንኳ ስልኩ ላይ ደረጃውን ሲከታተል ተይዟል። "ይህቺ ልጅ ከእኔ ቤት ነው የወጣችው፣ ሰው አላወቃትም" እያለ ሲኩራራ፣ ቤቲ "ዳድ፣ ዩ ዶንት ኢቭን ኖው ዘ ሩልስ" አለችው።

"ሩሉን አንቺ ታውቂ የለ። እኔ ደጋፊ ነኝ።"

ያን ማታ ኒን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ዱላዎቿን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ እየቆጠረች ቦርሳው ውስጥ መለሰች። ቦርሳውን ጋራዥ በር አጠገብ አቆመችው። አየኋት። ስትቆጥር አየኋት፤ ለምን እንደምትቆጥር ግን አላሰብኩም።

እሑድ ጠዋት ጨጨብሳ ሠራሁ። ያን ያህል መሥራት አልነበረብኝም። ኒን ትንሽ በልታ ተነሣች።

"ተቀመጪ፣ ቀኑ ረጅም ነው" አልኳት።

"እማማ፣ ጠግቤያለሁ።"

"ሁለት ማንኪያ ብቻ። ለእኔ ስትዪ።"

ሰዓቷን አየች፣ ተቀመጠች፣ ሁለት ማንኪያ በላች። ማር ጨመርኩላት። እንደገና ሰዓቷን አየች። ሻይ ቀዳሁላት። ለእንግዳ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እምቢ ማለቷም፣ እኔ እምቢታዋን አለመስማቴም ወግ ነው ብዬ ነው። በመጨረሻ "ቤቲ፣ ዘገየን!" ብላ ብድግ አለች፣ ኮፍያዋን ልታመጣ ፎቅ ሮጠች።

ያኔ ነው ያ አጭር ዱላ ግድግዳ ተደግፎ ያየሁት። በእኔ ጥድፊያ ረሳችው አልኩ። አነሳሁት፣ ወደ ጋራዡ በር ሄድኩ፣ ከረጃጅሞቹ መሃል አስገባሁት። ጭራሽ ሰመጠ፤ ከላይ አይታይም። እንዲያውም እንዳይወድቅ ጠለቅ በማለቱ ደስ አለኝ። ቤቲ መጥታ ቦርሳውን ተሸክማ መኪናው ኋላ ጫነችው። ማንም አላየኝም። ሦስት ሰከንድ ነው።

እኔና ቤቲ ልናያት አብረናት ሄድን። ሂሩት በሥራ ላይ ነበረች፣ ደረጀ ፈረቃው ነበር። ስንደርስ ዘግይተን ስለነበር ኒን ሁለት ሦስት ኳስ ብቻ ለማሟሟቂያ መትታ ወደ መጀመሪያው መነሻ ሮጠች። ቦርሳዋን በባለ ሦስት ጎማ መግፊያ ላይ ራሷ ነበር የምትገፋው፤ ረዳት የላትም። አብራት የምትጫወተው ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ረጅም አሜሪካዊት ነበረች።

ጎልፍ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው። ከገመድ ወዲህ ሆነን ከእነሱ ጋር እንሄዳለን፣ ሲቆሙ እንቆማለን። ቤቲ በጆሮዬ ታስረዳኛለች። አስራ ስምንት ጉድጓድ አለ። ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት የፈጀብሽ ምት ይቆጠራል። በመጨረሻ ያነሰው ነው የሚያሸንፈው።

"ያነሰ?"

"የስ፣ ያነሰ። ስለዚህ ቅጣት ማለት ምት መጨመር ነው።"

በመጀመሪያው ጉድጓድ ደህና ሆነች። ሁለተኛው ላይ ከሩቅ ገፍታ አስገባችው፣ ሰው አጨበጨበ። ቤቲ ክንዴን ጨበጠችኝ። "እማማ፣ ሁለተኛ ሆናለች። ሁለተኛ!"

ወደ ሦስተኛው መነሻ ሄድን። ከኒን አስር እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ነበርኩ። ቢጫዋ ኮፍያ ጀርባዋን ሰጥታ ባንዲራውን ታያለች። ቤቲ ስልኳን ትነካካለች። ኒን ከቦርሳው አንድ ዱላ ስትስብ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እጇን ከተተች። የዚያ አጭር ዱላ የላስቲክ መያዣ ግማሽ ድረስ ወጣ።

አየችው። ከዚያ ቀና አለች፣ ዓይናችን ተጋጠመ።

ፈገግ አልኩላት።

እንደዚያ ነው የሆነው። "አዎ፣ እኔ ነኝ፣ አልረሳሁልሽም" እንደማለት ፈገግ አልኩላት፣ በራሴም ነቀነቅሁ። እሷ ፈገግ አላለችም። እጇ መያዣው ላይ እንዳለ ለትንሽ ጊዜ ቆመች። ማንም አላያትም። ቢጫዋ ኮፍያ አልዞረችም። ዱላውን መልሳ ወደ ታች ብትገፋው ይሰምጥ ነበር፤ እንደሚሰምጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኒን ያን ነጩን እጇን ወደ ላይ አነሣች። ዳኛ ጠራች።

አንድ ሽማግሌ ዳኛ በትንሿ መኪና መጣ። አጭሩን ዱላ አውጥታ አሳየችው። የሚያወሩት አይሰማኝም። ሰውዬው ዱላውን አገላብጦ አየ፤ መጫወቻ መስሎት መሰለኝ ሊስቅ ነበር፣ ከዚያ ቦርሳውን አይቶ ሳቁን ተወው። እሷ ዱላዎቹን እየነካች ቆጠረችለት። ሰውዬው አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ መለሰችለት። ቢጫዋ ኮፍያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ምንድነው? ምን ሆነች?" አልኩ።

ቤቲ ፊቷ ተለዋውጧል። "ኦ ማይ ጋድ። እማማ፣ አስራ አምስት ዱላ ነው የያዘችው።"

"ቢሆንስ?"

"አስራ አራት ነው የሚፈቀደው። ሩል ነው። አንድ ካለፈ በየጉድጓዱ ሁለት ምት ቅጣት። ሁለት ጉድጓድ ተጫውታለች፣ ስለዚህ አራት። አራት ምት ጨመሩባት!"

"ግን አልመታችበትም እኮ። ትንሽ ነው፣ የልጅ ነው።"

"ምንም አይደለም፤ ቦርሳው ውስጥ መኖሩ ይበቃል።"

ከፊቴ ያለውን ገመድ ያዝኩ። ገመድ ደግሞ ሰው አይደግፍም።

"ባትናገርስ ኖሮ?" አልኳት።

ቤቲ ወደ እኔ ዞረች። "ባትናገር? ማንም አያውቅም ነበር። ኖባዲ ሶው ኢት።" ከዚያ ግንባሯን ቋጥራ፣ "ግን እንዴት ገባ? ትናንት ቆጥራዋለች፣ አይቻታለሁ። ማነው የከተተው?" አለች።

ይህ እንግዲህ ጥያቄ ነበር። እንደ ሹራቡ አይደለም፤ ፊት ለፊቴ ተጠየቀ። እኔም "እየሄደች ነው፣ ነይ እንከተላት" አልኳት። ጥያቄዋን እንዳልሰማሁ አድርጌ ነው ያለፍኩት። እስከ ዛሬ የሚቀፈኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ሰዓት እንዴት እንደ ሄድኩት አላውቅም። ኒን አላለቀሰችም፣ ዱላ አልወረወረችም። ሁለት ጉድጓድ ተበላሸባት፣ ከዚያ ተስተካከለች። ቤቲ በየጊዜው "ዘጠነኛ"፣ "ስምንተኛ"፣ "ሰባተኛ" ትለኛለች። እኔ ሣሩን እያየሁ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ኒን ኳሷ ከገመዱ አጠገብ ወድቆ በጣም ተጠግታኝ ቆመች። "ይቅርታ" ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ኳሷን ነበር የምታየው። አፌን ዘጋሁ። ሥራ ላይ ነች፣ አሁን አይባልም አልኩ። ምክንያት ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነበር።

አስራ ስምንተኛው ላይ ከሩቅ ገፋች። ኳሷ የጉድጓዱን ከንፈር ዞራ ቆመች። በመጨረሻ ሰባተኛ ወጣች። ከአምስተኛዋ ጋር የለያያቸው ሁለት ምት ነው። ቤቲ ሒሳቡን ጮክ ብላ ሠራችው፤ እኔ ግን ከቤቲ በፊት ጨርሼው ነበር። አራቱ ባይጨመሩባት ሦስተኛ ሆና ታልፍ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ኒን ከፊት ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ቤት እንደ ደረስን "እታጠባለሁ" ብላ ፎቅ ወጣች።

ሂሩት ከሥራ የገባችው አስራ ሁለት ሰዓት ግድም ነው፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወሬውን ወጥ ቤት ውስጥ ሰምታዋለች፤ የምግብ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ሰምቷል። ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ወርውራ በቀጥታ ወደ ቤቲ ሄደች።

"መኪናው ላይ ዕቃ የጫነው ማነው?"

"እኔ ነኝ። ግን እኔ አላስገባሁትም፣ አይ ስዌር።"

"ታዲያ ብቻውን ሄዶ ገባ? ከሶፋ አጠገብ የነበረ ዱላ እግር አወጣ?"

"ማሚ፣ አልነካሁትም!"

"በአንድ እጅ ስልክ፣ በአንድ እጅ ዕቃ! ያገኘሽውን ሁሉ ሰብስበሽ ከተትሽው። አንድ ነገር ስትሠሪ ልብሽ እዚያ የለም። የሰው ልጅ ሕይወት እኮ ነው!"

"ሂሩት፣ በቃ ቀስ በዪ" አለ ደረጀ። ግን እሱም ቤቲን ያየበት ዓይን ደስ አይልም ነበር።

ቤቲ ማልቀስ ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። "ምናልባት..." አለች። "ምናልባት ሳላስተውል ይሆናል። አላውቅም። አይ ዶንት ኖው ኤኒሞር።"

ልብ በሉ፤ ልጅቷ ያላደረገችውን ማመን ጀመረች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ጭልፋ ይዤ ወጥ አማስላለሁ። ወጡ ማማሰል አይፈልግም ነበር።

ኒን ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ ከፎቅ ወረደች። ሂሩት ቤቲን በክንዷ ይዛ አቀረበቻት። "ይቅርታ ጠይቂያት።"

"ኒን፣ አይ አም ሶ ሶሪ" አለች ቤቲ።

ኒን ቤቲን አየች። ከዚያ እኔን አየች። አልቆጣችም፣ አልለመነችኝም። ሦስተኛው መነሻ ላይ መያዣውን ይዛ እንዳየችኝ፣ እንደዚያው ነው ያየችኝ። ከዚያ ለቤቲ፣ "አንቺ ይቅርታ አትጠይቂኝ" አለቻት። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ጭልፋውን አስቀመጥኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። "ዱላውን የከተትኩት እኔ ነኝ። ጠዋት፣ እሷ ፎቅ ስትወጣ። የረሳችው መስሎኝ።" ከዚያ ኒን እንድትሰማው በእንግሊዝኛ አልኩት። እንግሊዝኛው አጭር ስለሆነ የምደበቅበት ቦታ አልነበረውም።

ሂሩት የቤቲን ክንድ ለቀቀች።

"እማዬ" አለች፣ "ቀኑን ሙሉ? አሁን፣ ይህቺን ልጅ ስሰድባት እዚሁ ቆመሽ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

ዛሬም ጥሩ መልስ የለኝም። ልጄ በዚያ ቤት ውስጥ "እናቴ ዕቃ ታበላሻለች" እንዳትል ፈርቼ ነው ብል፣ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ቤቲ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን አላጋጨችውም። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጓሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኒን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"መቼ አወቅሽ?" አልኳት።

"ፈገግ ስትዪ።"

"ዳኛው ማን አስገባው ብሎ ጠይቆሽ ነበር?"

"ጠይቆኛል። ቦርሳው የእኔ ነው አልኩት። ሕጉም እንደዚያ ነው፤ ማንም ያስገባው፣ መቁጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ መነሻው ላይ እቆጥራለሁ። ዛሬ ዘግይቼ ሳልቆጥር ጀመርኩ።"

የዘገየችው በማን እንደሆነ አልተናገረችም። ጨጨብሳውን ስጫንባት ሰዓቷን ማየቷ ትዝ አለኝ።

"መልሰሽ ብትከቺው ማንም አያይሽም ነበር" አልኳት።

"አንድ ሰው አይቷል።"

"እኔማ ሕጉን አላውቅም። ቆሜ እስቅ ነበር።"

"አንቺን አይደለም" አለችና ጣቷን ደረቷ ላይ አደረገች።

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። "ታዲያ እዚያ ውስጥ ቤቲ ይቅርታ ስትጠይቅሽ ለምን አልነገርሻቸውም? አውቀሻል እኮ።"

"እኔ የራሴን ተናገርኩ። የአንቺን አንቺ ነሽ የምትናገሪው። እኔ ብናገር ከአንቺ ላይ እወስደዋለሁ።"

"ባልናገርስ ኖሮ?"

"ነገ ከመሄዴ በፊት ለቤቲ እነግራት ነበር። ለእሷ ብቻ።"

ስልኳ ጠራ። አባቷ ነው፤ እዚያ ነግቷል። በእነሱ ቋንቋ ጥቂት ተነጋገሩ፤ ከእሷ በኩል የበዛው ዝምታ ነበር። ስትዘጋው ምን እንዳላት ጠየቅኳት።

"'ቆጥረሽ ነበር?' አለኝ። አልቆጠርኩም አልኩት። 'ከዚያስ?' አለኝ። ዳኛ ጠራሁ አልኩት። 'እንግዲያው ነይ፣ እንቅልፍሽን ተኚ' አለኝ።" ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ሽንኩርት በሌለበት። ነጩን እጇን ያዝኩት። እንዲህ ያለ ነገር አላዘወትርም።

ማግስቱን ሄደች። ለእናቷ የሰጠችውን ቃል ጠብቃ አገሯ ገባች። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሊግ አልተጫወተችም። አባቷ የሚያጭድበት ሜዳ ላይ ልጆች ታስተምራለች። አልፎ አልፎ ለቤቲ ፎቶ ትልካለች። ደስተኛ ናት ብዬ አልጽፍም፤ አላውቅም። እኔ በሦስት ሰከንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልፋት ከሰው ላይ ወስጃለሁ፤ በኋላ መናዘዜ ያን አይመልሰውም። ይህን የሚያነብ ሰው "ይቅር ተባባሉ፣ አለቀ" ብሎ እንዲያልፈው አልፈልግም።

ቤቲ ሦስት ቀን ዘጋችኝ። በአራተኛው ቀን ክፍሏ ገብቼ፣ በሩ አጠገብ ቆሜ፣ ሜዳው ላይ "ማነው የከተተው?" ስትለኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆኔን ነገርኳት። ያን አላወቀችም ነበር። ሁሉም ፊት ከተናገርኩት ይልቅ ያ ከበደኝ። "ኖ፣ እማማ፣ ያን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር" አለችኝ። ከዚያ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ።

እናንተን አንባቢዎቼን ልምከር አልልም። በእኔ ዕድሜ ያሉትን ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ጨዋነት ብለን የያዝነው ዝምታ ስንቱ ጨዋነት ነው? እኔ የራሴን ስመረምረው አብዛኛው ፍርሃት ሆኖ አገኘሁት። ያቺ ልጅ የምታጣውን አውቃ፣ ቆጥራ፣ እጇን አነሣች። እኔ ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም ካልጠየቀኝ አላነሣም ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ሂሩት ቡና ማሽኑን ስትከፍት፣ የመኪናዬን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። በዚህ ከተማ መኪና የሌለው ሰው እግር የለውም፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም፣ ሐኪምም በራሴ ነበር የምሄደው።

"ምንድነው እማዬ? ተበላሸ?"

"መኪናው ደህና ነው። የግራ ዓይኔ ነው። ከጎን የሚመጣ አይታየኝም። አንድ ጊዜ የማቆሚያ ምልክት አልፌ የሰው መኪና ሊገጨኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አልነገርኳችሁም።"

ሂሩት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብትጮህ አልፈርድባትም ነበር። አልጮኸችም።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለችኝ።

"ከትንሽ ጊዜ ወዲህ" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ወሩን ነገርኳት።